«ጨጓራዬ ነው» ከማለታችን በፊት
(በክሊኒካችን ለባለትዳሮች ከተሰጠ የጤና ትምህርት)



አብዛኞቻችሁ ዛሬ ወደዚህ የመጣችሁት መርፌ ለመወጋት፣ እንክብል ለመውሰድ ወይም ሉፕ ለማሳየት ነው። ስለ ሆድ ሕመም ልንነጋገር ነው ስትባሉ «ይኼ ደግሞ ከቤተሰብ ምጣኔ ጋር ምን አገናኘው?» የምትሉ አትጠፉም። እንደሚገናኝ ቀስ እያልን እናያለን። ለጊዜው ግን ምክንያቴ ቀላል ነው። ወደ ምርመራ ክፍላችን ገብቶ ጉዳዩን ከጨረሰ በኋላ፣ በሩ ላይ ቆም ብሎ «ለነገሩ ጨጓራዬንም ያመኛል» ሳይል የሚወጣ ሰው ጥቂት ነው።

በከተሞቻችን በጨጓራ የማይላከክ ሕመም የለም። ደረት ሥር ቢያቃጥል ጨጓራ፣ እምብርት ዙሪያ ቢቆርጥ ጨጓራ፣ ከእምብርት በታች ቢወጋ ጨጓራ፣ ሚስት ጠዋት ጠዋት ቢያቅለሸልሻትም ጨጓራ! እውነተኛው ጨጓራ ግን አንድ አካል ብቻ ነው፤ ቦታውም ከላይ፣ ከጎድን አጥንቶች መጋጠሚያ ሥር ወደ ግራ ዘንበል ብሎ ነው። «ሆድ» ብለን በአንድ ስም በምንጠራው ቦታ ውስጥ ግን አንጀቶች፣ ጉበት፣ የሐሞት ከረጢት፣ ቆሽት፣ ከኋላ ኩላሊቶች፣ ከታች የሽንት ፊኛ፣ በሴት ደግሞ ማህፀንና ቱቦዎቹ ተጠጋግተው ይኖራሉ። አንዱ ሲታመም ሕመሙ በሌላው ሰፈር ሊሰማ ይችላል። ስለዚህ ሕመሙን ጨጓራ ብሎ መሰየም ምርመራ አይደለም፤ ግምት ነው። ግምቱ ትክክል ሲሆን ምንም አይደል፤ ሲሳሳት ግን በአንድ ሌሊት ሕይወት ሊጠፋ ይችላል።

ልብ በሉ፣ ላስፈራራችሁ አይደለም። የሆድ መረበሽ ሁሉ ካርድ የሚያስወጣ አይደለም። ሽሮው ቢነፋችሁ፣ ሠርግ ቤት በልታችሁ አንድ ቀን ቢያስቀምጣችሁ፣ የሁዳዴ ፆም በተፈታ ማግስት ዶሮውና ቅቤው ሆዳችሁን ቢያውከው ይህ የሚጠበቅ ነው። ሃምሳ አምስት ቀን ያረፈ ሆድ በአንድ ጠዋት ቅባት ሲጫንበት ማጉረምረሙ አይቀርም። ውሃ መጠጣት፣ ቀለል ያለ ምግብ መብላት፣ ማረፍ ይበቃል። የዝንጅብል ሻይም ሆነ ተልባ የለመደ ሰው ቢጠጣ አልቃወምም። አረቄ ግን ሆድ ያጥባል የሚባለው ፈጽሞ ውሸት ነው፤ የተቆጣ ጨጓራን የባሰ ያስቆጣል። እንዲህ ያለው መረበሽ በአንድ ሁለት ቀን እየቀለለ መሄድ አለበት። እየባሰ ከሄደ ግን ሌላ ነገር ነው።

አሁን ወደ እውነተኛው ጨጓራ እንምጣ። ብዙ ጊዜ የሚከሰሱት በርበሬና ጭንቀት ናቸው። በርበሬ ያመመውን ጨጓራ ሊያቃጥለው ይችላል እንጂ ቁስሉን የሚፈጥረው እሱ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1982 ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን የተባሉ ሁለት የአውስትራሊያ ሐኪሞች በጨጓራ ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ ማሳደግ ቻሉ። ዛሬ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ ይባላል። የሚያምናቸው ሲጠፋ ማርሻል በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጣና ጨጓራው ተቆጥቶ አሳየ፤ በ2005 ሁለቱ የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ይህ ባክቴሪያ በአገራችን በጣም የተስፋፋ ነው፤ ከሁለት ሰው አንዱ ገደማ ይኖርበታል። ብዙዎቹን አያሳምምም፤ ያሳመመው ሰው ግን በምርመራ ታውቆለት፣ ብዙውን ጊዜ ለሁለት ሳምንት የሚወሰዱ መድኃኒቶችን ከጨረሰ ይድናል። «ከጨረሰ» ያልኩት በምክንያት ነው። አፍ ስለሚመር በአምስተኛው ቀን የሚያቋርጥ ሰው ብዙ ነው፤ ያን ጊዜ ባክቴሪያው መድኃኒቱን ይለምደዋል።

ሁለተኛው የጨጓራ ቁስለት ምክንያት በየቤታችን መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን፣ አስፕሪን የሚባሉትን ማለቴ ነው። ለወገብ፣ ለጥርስ፣ ለራስ ምታት እየተባለ በየዕለቱ ሲዋጡ የጨጓራን ግድግዳ ይልጣሉ። የሚያስገርመው ነገር አንዳንድ ሰው ጨጓራው ሲያመው ሕመሙን ለማስታገስ እንደገና ዳይክሎፌናክ መዋጡ ነው። ኦሜፕራዞል ገዝቶ ለጥቂት ቀን መዋጥ ብዙም አይጎዳ ይሆናል፤ ወር በወር ላይ እየጨመሩ ያለ ሐኪም መዋጥ ግን በውስጥ ያለውን ከባድ ሕመም ሸፍኖ ሊያቆየው ይችላል። ክብደታችሁ ሳታስቡት ከቀነሰ፣ ምግብ ሲዋጥ ከተቀረቀረ፣ ጥቂት በልታችሁ ከጠገባችሁ፣ ደጋግሞ ካስመለሳችሁ፣ ወይም ዕድሜያችሁ ሃምሳውን ካለፈ በኋላ ሕመሙ አዲስ ከጀመራችሁ መድኃኒት ቤት ሳይሆን ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

ሰገራችሁንም እዩ። ነውር መስሎን አናየውም፤ ነገር ግን ብዙ ይናገራል። እንደ ሬንጅ የጠቆረ፣ የሚያጣብቅና ከወትሮው የከፋ ሽታ ያለው ሰገራ ከላይኛው አንጀት ወይም ከጨጓራ ደም እየፈሰሰ ነው ማለት ሊሆን ይችላል። ትውከቱ ደም ያለበት ወይም የቡና አተላ የመሰለ ከሆነም እንደዚሁ። ይህ ለነገ የማይባል ነው። በእርግጥ የደም ማነስ እንክብል፣ ማለትም አይረን የምትወስድ ነፍሰ ጡር ሰገራዋ ይጠቁራል፤ ያ አያሳስብም። ነገር ግን ካዞራት፣ ልቧ በኃይል ከመታ ወይም ሰገራው የሚያጣብቅ ሬንጅ ከሆነ በእንክብሉ አታሳብ፤ ትታይ።

ድንገት የሚመጡና ቢላዋ ሊያስፈልጋቸው የሚችሉ ሕመሞች ደግሞ አሉ። ትርፍ አንጀት ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በእምብርት ዙሪያ ነው፤ ለዚህ ነው ጨጓራ የሚመስለው። የምግብ ፍላጎት ይጠፋል፤ ያቅለሸልሻል፤ ከሰዓታት በኋላ ሕመሙ ወደ ታች በቀኝ በኩል ይወርዳል። ስታስሉ ወይም የተሳፈራችሁበት ባጃጅ ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ቦታው ይወጋችኋል። አንዳንዴ ሕመሙ ድንገት ቀለል ይልና «ተመስገን፣ አለፈልኝ» ያሰኛል፤ ይህ ግን ትርፍ አንጀቱ ፈንድቶ ሊሆን ይችላል፤ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ሆድ በሙሉ ይታመማል። የጨጓራ ቁስለት ሲበሳ ደግሞ ሕመሙ እንደ ጩቤ ነው፤ ሆድ እንደ እንጨት ይደርቃል፤ ታማሚው መንቀሳቀስ አይፈልግም። የአንጀት መጠማዘዝም በአገራችን የታወቀ ችግር ነው። ሆድ ይነፋል፤ ቁርጠቱ ይመላለሳል፤ ያስመልሳል፤ ሰገራም ፈስም እንቢ ይላል። ይቅርታ፣ ቃሉን በግልጽ የተናገርኩት በሐኪም ቤትም የምትጠየቁት ይህንኑ ስለሆነ ነው።

በእነዚህ ሁሉ ላይ ሆድ ማሸት፣ ማስቀመጫ መድኃኒት መጠጣት፣ ትኩስ ነገር መደገፍ አደጋ አለው። ወጌሻውን አክብሩት፣ ለዚህ ግን አትጥሩት። ወደ ሐኪም ቤት ስትሄዱም ለታማሚው ምግብ አትስጡት፤ ቀዶ ሕክምና ቢያስፈልግ ባዶ ሆድ መሆኑ ይጠቅመዋል።

ለአባቶች አንድ ነገር ልጨምር። ከአርባ ዓመት በላይ የሆነ፣ በተለይም ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለበት ወይም የሚያጨስ ሰው፣ ደረቱ ሥር ከብዶት፣ ላብ አጥምቆት፣ ትንፋሽ አጥሮት «ጨጓራዬ ተነሳ» ቢል ልብ ሊሆን ይችላል። በተለይ ሕመሙ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ ከሄደ ለስላሳ በመጠጣት ጊዜ አታጥፉ።

አሁን ከቤተሰብ ምጣኔ ጋር ወደሚገናኘው ደረስን። በወሊድ ዕድሜ ላይ ያለች ሴት ከእምብርት በታች ሲያማት የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን በላሽ?» ሳይሆን «የወር አበባሽ መቼ ነበር?» መሆን አለበት።

የአንዲት ደንበኛችንን ታሪክ ማንነቷን ሳልገልጽ ልንገራችሁ። የሁለት ዓመት ልጅ ያላት ወጣት እናት ነች። የወር አበባዋ ለአንድ ሳምንት ያህል ዘግይቶ ጠቆር ያለ ጥቂት ደም መጣላት፤ እሷም «በቃ መጣ» ብላ ተወችው። ወዲያው በግራ በኩል ወደ ታች ያማት ጀመር። እንደ ለመደችው ተልባ ጠጣች። ባልየው ክፉ ሰው አይደለም፤ ከሥራ ሲመለስ ወደ መድኃኒት ቤት ጎራ ብሎ «ለጨጓራ» ብሎ መድኃኒት ገዛላት። ደሙን አልነገረችውም፤ የሴት ጉዳይ ነው ብላ አፈረች። በሦስተኛው ቀን ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ወደ ሽንት ቤት ስትነሳ ራሷን ስታ ወደቀች። ስትነቃ ትከሻዋን ያማት ነበር፤ ሁሉም ስትወድቅ ተመትታ ነው አሉ። በጩኸቱ የመጣች አንዲት ጎረቤት ናት ያንን ጥያቄ የጠየቀቻት። መልሱን ስትሰማ «ቡና አይፈላም፣ መኪና ፈልጉ» አለች። በቀዶ ሕክምና ሲታይ ሆዷ ውስጥ ደም ሞልቷል። ከማህፀን ውጭ፣ በቱቦው ላይ የተቀመጠ እርግዝና ፈንድቶ ነበር። ባልየው ደም ሰጠ፤ ሴትየዋም ተረፈች። በቀራት አንድ ቱቦ ከዚያ ወዲህ ወልዳለች።

ትከሻዋን ያመማት ስለወደቀች አልነበረም። በሆድ ውስጥ የፈሰሰ ደም ከሳንባ ሥር ያለውን የመተንፈሻ ጡንቻ ሲነካ ሕመሙ ትከሻ ላይ ይሰማል። ስለዚህ እነዚህን አብራችሁ ያዙ፦ የወር አበባ መዘግየት ወይም ያልተለመደ ጥቂት ደም፣ በአንድ ወገን የታችኛው ሆድ ሕመም፣ ማዞር ወይም ራስ መሳት፣ የትከሻ ጫፍ ሕመም። ሁሉም እስኪሟሉ አትጠብቁ። ሉፕ ያላችሁ ወይም ቱቦ ያስቋጠራችሁም ስሙኝ። ሉፕ እርግዝናን በጣም ስለሚከላከል በጠቅላላው ከማህፀን ውጭ እርግዝናንም ይቀንሳል። ነገር ግን አልፎ አልፎ ሉፕ እያለ እርግዝና ከመጣ ቱቦ ላይ የመሆን ዕድሉ ከሌላው ጊዜ ይበልጣል። «እኔ ሉፕ አለኝ፣ ልረግዝ አልችልም» ብላችሁ ምልክቱን አትናቁት።

ቱቦ የሚጎዳው በአብዛኛው ቀድሞ በነበረ ኢንፌክሽን ነው። የታችኛው ሆድ በሁለቱም በኩል ሲያም፣ ሽታ ያለው ፈሳሽ ሲኖር፣ ሲያተኩስ፣ በግንኙነት ጊዜ ሲያም ሚስት ብቻዋን ታክማ አይበቃም። ባልም ምንም ሳይሰማው ሊይዘው ስለሚችል አብሮ መታከም አለበት። «እኔን ምንም አላመመኝም» የሚለው የባሎች መልስ እዚህ ክሊኒክ በጣም ሰልችቶናል።

እርግዝናዋ አምስት ወር ያለፈ ሴት ደግሞ የላይኛው ሆዷ፣ በተለይ በቀኝ ጎድን ሥር፣ ሲያማት ጨጓራ ይባላል። ከዚህ ጋር ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ ወይም የፊትና የእጅ እብጠት ካለ ግን የእርግዝና ደም ግፊት ሊሆን ይችላል። በዚያው ቀን ደም ግፊቷና ሽንቷ ይታይ። ነፍሰ ጡር ያልሆነች ሴት፣ በተለይ የወለደች፣ ቅባት ከበላች በኋላ እዚያው ቦታ ለሰዓታት ቢያማትና ወደ ጀርባ ቢሄድ የሐሞት ጠጠር ሊሆን ይችላል። ዓይኗ ቢጫ ከሆነ ወይም ካተኮሳት አትቆይ።

ስለ ተቅማጥ ብዙ ስለሰማችሁ አላስረዝመውም። ሕፃን ሲያስቀምጠው የሚገድለው ተቅማጡ ሳይሆን የውሃው ማለቅ ነው። አንድ ፓኬት ኦ.አር.ኤስ. በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጡ፤ በማንኪያ ቀስ እያላችሁ ስጡ፤ ቢያስመልሰው ዐሥር ደቂቃ ታግሳችሁ ቀጥሉ። የተበጠበጠው ከ24 ሰዓት በላይ አይቆይ። ጡት አይቋረጥ። ዚንክ ከጤና ጣቢያ ሲሰጣችሁ ተቅማጡ ቢቆምም የታዘዘውን ቀን ጨርሱ። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ መጠጣት ካቃተው፣ ከደከመና ከፈዘዘ፣ በሰገራው ደም ካለ፣ ቆዳው ተቆንጥጦ ሲለቀቅ ቶሎ ካልተመለሰ ይዛችሁት ሩጡ። ሕፃን በየጥቂት ደቂቃው እግሩን ወደ ሆዱ እየሰበሰበ ካለቀሰና ቀይ ንፍጥ የመሰለ ካወጣ አንጀቱ እርስ በርሱ ገብቶ ሊሆን ይችላል፤ ይህም የሆስፒታል ጉዳይ ነው።

ለአዋቂም የሩዝ ውሃ የመሰለ ብዙ ተቅማጥ ሲመጣ አተትን አስቡ። በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ከባሌ ዞን የተነሳው የኮሌራ ወረርሽኝ ወደ ብዙ ክልሎች ደርሶ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። በሰዓታት ውስጥ ሰውን ያደርቃል፤ ኦ.አር.ኤስ. እየጠጣችሁ ሂዱ። «አሜባ ነው» ብሎ ሜትሮኒዳዞል ገዝቶ መዋጥም ይብቃን። ሰገራ ማስመርመር ይቀድማል፤ ደም ወይም ትኩሳት ካለ ደግሞ ተቅማጥ የሚያቆም እንክብል አይወሰድ።

ይህን ሁሉ ማወቅ ግን ሌሊት ላይ ብቻውን አይሠራም። ከሕመሙ ይበልጥ ጊዜ የሚወስደው በቤት ውስጥ ያለው ማመንታት ነው። ሚስት ገንዘቡ በባል እጅ ስለሆነ ትጠብቃለች፤ ባል መስክ ወጥቷል፤ አማት «እኔም በወጣትነቴ እንዲህ ያመኝ ነበር» ይላሉ። «ሆድ ይፍጀው» የሚባለው ለምስጢር ነው፤ ለሕመም ሲሆን ሆዱ ራሱ ይፈጃል። ስለዚህ ዛሬ ማታ፣ ማንም ሳይታመም፣ ተነጋገሩ። ለድንገተኛ የሚሆን ገንዘብ የት ይቀመጣል? ባል በሌለበት ሚስት ሳትጠይቅ ልታወጣው ትችላለች? (መልሱ «አዎን» ካልሆነ ገንዘቡ ለድንገተኛ የተቀመጠ አይደለም።) ሌሊት የሚመጣ ባለታክሲ ወይም ባለባጃጅ ስልኩ አላችሁ? ልጆቹን ማን ይይዛል? የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል፤ በአዲስ አበባ 939 አለ። ቁጥሮቹን በሩ ላይ ለጥፉ፤ ስልክ ባትሪው ሊያልቅ ይችላል።

የወር አበባ ቀንም የሚስት ብቻ ጉዳይ አይሁን። የቀን መቁጠሪያ ላይ ምልክት ብታደርጉ ባልም ሊያየው ይችላል። ራሷን ስታ ሐኪም ቤት ብትደርስ የሚጠየቀው እሱ ነው። የምትወስዷቸውን መድኃኒቶች ሁሉ፣ የእርግዝና መከላከያውንም ጭምር፣ ለሐኪሙ ተናገሩ። ፓኬቱን ይዞ መሄድ ስም ከማስታወስ ይቀላል።

እንክብል ለምትወስዱ የመጨረሻ ጉዳይ። እንክብሉን በዋጣችሁ በሁለት ሰዓት ውስጥ ካስመለሳችሁ ሌላ አንድ ዋጡና እንደወትሮው ቀጥሉ። ትውከቱ ወይም ከባድ ተቅማጡ ከሁለት ቀን በላይ ከቆየ እንክብል እንደረሳችሁ ይቆጠራል። መዋጡን ሳታቋርጡ ኮንዶም ጨምራችሁ ተጠቀሙና ወደ እኛ ብቅ በሉ። መርፌ፣ በክንድ የሚቀበር ወይም ሉፕ የምትጠቀሙ በተቅማጥና በትውከት ምክንያት መከላከያችሁ አይቀንስም። ጥያቄ ያላችሁ አሁን ጠይቁ፤ በሰው ፊት የምታፍሩ ደግሞ ባልና ሚስት አብራችሁ ወደ ውስጥ ግቡ።